ሁለት ድምፅ ያለው አባት

ሰረገላው በዐባሲያ መንገድ እየተንገጫገጨ ሲበር፣ ፋኑስ አፈንዲ ወረቀቱን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ያንኑ መስመር እንደገና አነበበ። ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ እሱ ራሱ ጠፍቶታል።

«‹ልጄ ሆይ፣ ይህን በር በፊትሽ የዘጋሁት እኔ ነኝ።› እሺ ራጊብ ቤክ፣ አሁን እርስዎ ይበሉት።»

ራጊብ ቤክ አላለውም። ቀዩ የታርቡሽ ቆቡ ቅንድቡ ድረስ ወርዶ፣ ካፖርቱን እስከ አገጩ ተከናንቦ፣ ያንን የካይሮን ቲያትር ቤቶች ጣሪያ ሲያናጋ የኖረ ደረቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ያንኮራፋል። ሌሊቱን ከወዳጆቹ ጋር ሲጫወት አድሮ፣ የጾም መያዣውን ሱሑር በልቶ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የተኛው። ፋኑስ ቀስቅሶ፣ ከአሽከሩ ጋር ተጋግዞ አልብሶ፣ ደረጃውን አስወርዶ ሰረገላው ላይ እስኪጭነው ድረስ ቀትር አልፏል።

«ራጊብ ቤክ!»

«እ?»

«‹ልጄ ሆይ፣ ይህን በር…›»

«ፋኑስ፣» አለ ራጊብ ቤክ ዓይኑን ሳይገልጥ፤ «አንተ እዚያ ትኖራለህ አይደል?»

«እኖራለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስጨቀጭቅሃል? ጾመኛ ሰው እኮ ነኝ። አላህን ፍራ እንጂ!»

ፋኑስ ቆሽቱ አረረ። ጾሙን ከሆነ እሱም ጾመኛ ነው። እሱ ቅብጥ ክርስቲያን ነው፤ ቅብጦች የነቢያትን ጾም ከያዙ ሰንብተዋል። ከቀትር በኋላ ፉሉን፣ የባቄላ ወጡን፣ በዘይት አድርጎ ቢበላ ከልካይ አልነበረውም፤ ነገር ግን የዘንድሮው ረመዳን ከታኅሣሥ ገጥሞ፣ ባልደረቦቹ ሁሉ ከንፈራቸው ደርቆ በሚውሉበት ቤት እሱ ቁጭ ብሎ ማላመጡ ነውር ሆነበት። ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ እስከሚተኮሰው የማፍጠሪያ መድፍ አብሯቸው ይውላል። ሁለት ጾም ይጾማል፣ የአንዱንም ምስጋና አላገኘም።

ለነገሩ የራጊብ ቤክ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው። የካይሮ ቲያትር ቤቶች በየሳምንቱ አዲስ ተውኔት ያወጣሉ፤ ተዋናይ ቃሉን የሚያጠናበት ጊዜም ልማድም የለውም። ከመድረኩ ፊት ባለችው ጉድጓድ ውስጥ ሹክ ባዩ ይቀመጣል። ራሱን ብቻ ብቅ አድርጎ፣ መጽሐፉን ሻማ ሥር ዘርግቶ፣ እያንዳንዱን መስመር ቀድሞ በሹክሹክታ ይሰጣል፤ ተዋናዩ ይቀበልና ያገሳዋል። ሕዝቡ ራጊብን ይሰማል፣ ራጊብ ፋኑስን ይሰማል። እንዲህ ሆኖ ሃያ ዓመት አለፈ። ራጊብ ሉጥፊ በቤክነት ማዕረግ ላይ ማዕረግ ሲጨምር፣ ፋኑስ ሚካኢል ደረቱ ላይ አቧራ ጨመረ።

አሁን ግን ዘመኑ ሌላ ነው። ፊልም አፍ አውጥቶ መናገር ከጀመረ ሁለት ሦስት ዓመቱ ሲሆን፣ በነዚያ ዓመታት የዒማድ ዲን ጎዳና ቲያትር ቤቶች አንድ በአንድ መብራታቸውን አጠፉ። ፋኑስም እንደ ብዙዎቹ ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ ፊልም መሥራት የጀመረችውን ተዋናይት ሲት ኢቅባል ረምዚን ተከትሎ ፊልም ሠሪ ነኝ ብሏል። ሥራው ምን እንደሆነ ግን እስካሁን የነገረው ሰው የለም። ሰው ከአልጋው የሚቀሰቅስ እሱ ነው፤ የጎረቤቷ ባልቴት ዳክዬዎች በቀረጻ ሰዓት እንዳይንጫጩ ባልቴቷን የሚለማመጥ እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ ከዳክዬዎቹ ጋር ተስማምቶ ነው ወደ ራጊብ የሄደው፤ ከሁለቱ ዳክዬዎቹ ይሻላሉ።

ሹብራ ሲደርሱ ፀሐይዋ ማዘንበል ጀምራለች።

ስቱዲዮው የትምባሆ መጋዘን የነበረ አዳራሽ ነው። ድምፅ እንዳያስገባ ግድግዳው ሁሉ የወታደር ብርድ ልብስ ተለብዷል፤ መብራት ሲበራ ብርድ ልብሱ አሮጌ ትምባሆና አሮጌ ወታደር ይሸታል። መሀሉ ላይ የአንድ ፓሻ ሳሎን ተሠርቷል፤ ሶፋ፣ የመስታወት ቁም ሣጥን፣ ከበስተጀርባ በር። ከበሩ ኋላ ምንም የለም።

ሲት ኢቅባል ሳሎኑ መሀል ቆማለች። የመንገደኛ ጥቁር ካፖርት ለብሳ፣ ለካሜራ የሚሆነውን ቢጫ ቀለም ፊቷን ተቀብታ፣ ከፀጉሯ ውስጥ እርሳስ ሰክታለች። ለመስገድም ለመዋጋትም የተዘጋጀች ትመስላለች። እነሱን ስታይ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

«መጣችሁ? አልሐምዱሊላህ! እኔ እኮ ፊልሙን ለልጅ ልጄ የማወርሰው መስሎኝ ነበር!»

«ኢቅባል፣ ልጄ፣» አለ ራጊብ ቤክ ግንባሯን እየሳመ፤ «በረመዳን ቁጣ ጾም ያፈርሳል።»

«የኔ ጾም የፈረሰው እርስዎን የቀጠርኩ ለታ ነው፣ ቤክ። ልብስዎን ይቀይሩ። ዓም ፋኑስ፣ አጥንቷል?»

እንደ አጎት ‹ዓም› የምትለው ፋኑስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ተኝቷል፣» አላት።

ኢቅባል ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው መጀመሪያ ያየችው ቱሱን አፈንዲን ነው። ቱሱን የሐጅ ዐብዱል ጀዋድ የወንድም ልጅ ነው፤ ሐጂው ደግሞ የፊልሙ ባለቤት፣ የታወቀ የጥጥ ነጋዴ። ልጁ ፓሪስ ሄዶ ክረምቱን አሳልፎ መጥቷል፤ ከዚያ ያመጣው አንድ የሐር ሻርፕና «እዚያ እኮ እንዲህ አይደረግም» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ነው። ከጠዋት ጀምሮ በእሷ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

«ሲት ኢቅባል፣ አጎቴ ያሉትን እንዳትረሺ ብዬ ነው፣» አለ።

«ረስቼ አላውቅም፤ ግን ካላወራኸው የሚያምህ ከሆነ አውራው።»

«ራጊብ ቤክ ዛሬ ማታ በእስክንድርያ ባቡር ይሄዳሉ። ከዚያ መርከብ፣ ከዚያ ቤይሩት፣ ከዚያ ደማስቆ። ሲኒማ ቤቱ ደግሞ ለዒድ ተይዟል። ይህ የመጨረሻ ትዕይንት ዛሬ ከመድፉ በፊት ካልተቀረጸ፣ ነገ ጠዋት የፊልሙን ጥቅሎች እኔ እረከባለሁ። ሥራውን የጨረሰው ሰው ስምም ርእሱ ላይ ይወጣል። ልማዱ እንዲያ ነው።»

«መጨረሻውን ምን ልታደርገው አሰብክ?»

«ልጅቷ በሳንባ በሽታ ትሞታለች። በዘፈን። አጎቴ ወደውታል።»

ፋኑስ በማር ጊርጊስ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ልጁን በሆዱ ረገመው። የኢቅባል ፊልም ዋናው ነገሩ ልጅቷ አለመሞቷ ነው። ቤቷን ጥላ የወጣች ልጅ ከብዙ ዓመት በኋላ ትመለሳለች፤ ያባረራት አባቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ይቅርታ ይለምናታል፤ እሷም ሰምታው፣ በገባችበት በር በእግሯ ትወጣለች። በሕይወቷ፣ ቀና ብላ። ኢቅባል ይህን ለመሥራት ነው ከመድረክ ንግሥትነቷ ወርዳ፣ «ካሜራ ኋላ የቆመች ሴት እንደ አውራ ዶሮ የምትጮኽ ዶሮ ናት» ብለው የጻፉባትን ጋዜጦች ችላ፣ ይህን የተረገመ ብርድ ልብስ ስትሰቅል የከረመችው። አሁን አንድ ሻርፕ የለበሰ ልጅ በሳንባ በሽታ ሊገድላት ነው።

ራጊብ ቤክ በሐር ካባ ወጥቶ ሶፋው ላይ እንደ ኸሊፋ ተቀመጠ። ኢቅባል ከበሩ ኋላ ሄደች። ፋኑስም ወደለመደው ሄደ፤ በሆዱ ተስቦ ሶፋው ሥር ገባ፣ ሻማ ሳይሆን የእጅ ባትሪ አብርቶ ወረቀቱን ዘረጋ። ማንም ግባ አላለው፣ ማንም አትግባ አላለው። ልማድ ነው።

ኢቅባል እንደ ቲያትሩ ወለሉን በዱላ ሦስት ጊዜ መታች። ከአዳራሹ ጥግ፣ ድምፅ ከሚቀዳባት የመስታወት ሣጥን ውስጥ ኸዋጃ አርፓድ፣ ሀንጋሪያዊው የድምፅ ሰው፣ ማዳመጫውን ነቅሎ ጮኸ።

«ዱላ አይደለም! ስንት ጊዜ እኔ ተናገረ! ዱላ ጆሮዬን ገደለች!»

«እሺ ኸዋጃ፣ እሺ! ይቅርታ! እጄ ነው የሚመታው፣ እኔ አይደለሁም! ቀረጻ!»

ራጊብ ቤክ ተነሣ። ከሶፋው ሥር የሚመጣውን ሹክሹክታ ተቀበለና አገሳው። «ልጄ ሆይ!» የብርድ ልብሱ አቧራ ረገፈ። «ይህን በር በፊትሽ የዘጋሁት እኔ ነኝ!» ፋኑስ በጨለማው ውስጥ ደስ አለው። ድምፁ ገጥሟል፣ ፍጥነቱ ገጥሟል፣ ሁለቱ ድሮ እንደነበሩት አንድ ሰው ሆነዋል። ሁለት ገጹን ሳይሰናከሉ ጨርሰው ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ የመስታወቱ ሣጥን በር ብርግድ አለ።

«ቁረጡ! እኔ ሰማሁ! ሁለት አባት አለ!»

«ምን ሁለት አባት ነው ኸዋጃ?» አለች ኢቅባል።

«አንዱ አባት ትልቅ፣ አንዱ አባት ትንሽ! ትንሹ አባት ቀድማ ትናገራለች፣ ትልቁ አባት ይደግማታል! ማይክሮፎን ሁሉ ሰማች!»

ሁሉም ሶፋውን አየ። ከሶፋው ሥር የፋኑስ ታርቡሽ፣ ቀጥሎም አቧራ የለበሰው ፋኑስ ወጣ። መነጽሩን እየጠረገ ሲቆም ቱሱን ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ሃያ ዓመት ነገሥታትን ተጫውቻለሁ፣» አለ ራጊብ ቤክ ቀልቶ፤ «ፋኑስ ተሰማ ያለኝ ሰው የለም! ይህ የፈረንጅ ብረት የማይሰማው ምን አለ? የሆዴን መጮኽስ ይሰማል?»

«አዎ፣» አለ አርፓድ፤ «ሆድም ሰማሁ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ፋኑስ እስከ ዛሬ ሲያወራው ይማረራል። መጀመሪያ እሱን ከመብራቶቹ ኋላ አርቀው አቆሙትና ራጊብ ቤክ ብቻውን እንዲሞክር ተደረገ። «ልጄ ሆይ!» አለ። ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ፣ ወደ ሶፋው ሥር ጣለ። ከዚያ ደረቱ ውስጥ የተገኘውን የመጀመሪያ ቃል አውጥቶ ወረወረው። «ሰይፌን አምጡልኝ! ፈረሴን ጫኑ!»

«በሐር ካባ ሆነው የት ሊዘምቱ ነው?» ብላ ጮኸች ኢቅባል።

ንግግሩን በነጭ ጨርቅ ላይ በከሰል ጻፉና ካሜራው አጠገብ ሰቀሉት። ራጊብ ቤክ ዓይኑን አጠበበ፣ አንገቱን አሰገገ። «መነጽር ያድርጉ፣» ቢሉት «ራጊብ? መነጽር?» ብሎ እናቱን እንደ ሰደቡበት ሰው ተቆጣ። መጨረሻ ላይ እንደ ቁርኣን ቤት ጀማሪ ፊደል እየቆጠረ ማንበብ ጀመረ፤ ልጁን ይቅርታ የሚለምን አባት ሳይሆን ማስታወቂያ የሚያነብ መንገደኛ ሆነ። እሱም ሳያልቅ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን ተሰማና ሁሉም ቆመ፤ የሰገደው ሰገደ፣ ያልሰገደው ፀሐይዋን አየ። በሌላው ሙከራ ባልቴቷ ከፋኑስ ጋር የተስማማችውን ረሳችና ዳክዬዎቹ ተንጫጩ። ካሜራ አንሺው የፊልሙን ሣጥን ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ የቀረው ፊልም ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ቁራጭ ነው። ሱቆች ተዘግተዋል። ከዚህ በኋላ ምኑም የለም።

«እዚያ እኮ እንዲህ አይደረግም፣» አለ ቱሱን ሻርፑን እያስተካከለ።

ኢቅባል ቀጥ ብላ ጥግ ላይ ወደተንጠለጠለው ብርድ ልብስ ኋላ ገባች። ፋኑስ ጥቂት ቆይቶ ተከተላት። ከግድግዳው ጋር ተደግፋ እርሳሷን በጥርሷ ስታኝክ አገኛት።

«ጾምሽን ታፈርሻለሽ፣ እንጨት ነው፣» አላት።

«ተወኝ፣ ዓም ፋኑስ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እንደ ሕፃን ሳጎርሰው ኖሬ ማኘክ አልቻለም።»

«ያንተ ብቻ ነው? ሁላችንንም ነው ያጎረስከን።» እንባዋ በቢጫው ቀለም ላይ መስመር ሠርቶ ወረደ፤ በመዳፏ ስትጠርገው ይባስ አበላሸችው። «ታውቃለህ፣ እኔ ከጣንጣ ከተማ ከተጓዡ የቲያትር ቡድን ጋር የሄድኩ ለታ አባቴ ምን እንዳደረገ?»

ፋኑስ ያውቃል። ካይሮ ውስጥ የማያውቅ ተዋናይ የለም። አባቷ፣ የሸሪዓው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሼኽ ረምዚ፣ በሩ ላይ ድንኳን ተክሎ፣ ቁርኣን አስነብቦ፣ «ልጄ ሞተች» ብሎ ለቅሶ ተቀመጠ። ሰው እየመጣ አጽናናው። ልጅቷ በዚያው ሰሞን በመንሱራ መድረክ ላይ የወንድ ልጅ ልብስ ለብሳ የመጀመሪያ ቃሏን ትናገር ነበር፤ ቃሉን ከጉድጓድ ያቀበላት ፋኑስ ነው። እሷ ንግሥት ስትሆንም፣ ስሟ በዒማድ ዲን ጎዳና በመብራት ሲጻፍም፣ ሼኹ ያጽናኑትን ሰዎች እንዳመሰገነ ኖረ። ሲሞት ቀብሩ ላይ አላስደረሷትም።

«እነዚያን ሁለት ገጾች የጻፍኳቸው ሊለኝ የሚገባውን ነው፣» አለች። «ቃል በቃል። ስንት ሌሊት! እና ለማን አፍ ሰጠሁት? ለዚህ ሆዱ ለሚጮኽ ጉረኛ!»

ፋኑስ የሚያጽናናበት ቃል ፈለገ። ለሌላ ሰው የተጻፈ ቃል ሲያቀብል ኖሮ የራሱ የሆነ አላገኘም፤ መሐረቡን አውጥቶ ሰጣት። በብርድ ልብሶቹ መሀል በኩል ክፍተት አለ። ኢቅባል አፍንጫዋን እየጠረገች በዚያ ክፍተት ወደ ሳሎኑ አየች። አይታ ቀረች።

«ዓም ፋኑስ፣ ና እየው።»

ራጊብ ቤክ ብቻውን ሶፋው ላይ ተቀምጧል። መብራቱ በርቶበታል፣ ማንም እያየው አይመስለውም። ታርቡሹን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጓል፤ ራሱ ላይ የቀረችው ፀጉር ላብ አጣብቋታል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አይወጣውም። ከዚያ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ወደ ሶፋው ሥር አየ። ባዶ ነበር። ቀና ሲል ፊቱ መንገድ የጠፋበት ሰው ፊት ሆኗል።

«ምን እየፈለገ ነው?»

«እኔን፣» አለ ፋኑስ።

«እንዲህ ያለ ፊት ኖሮት ያውቃል?»

«በመድረክ? በፍጹም።»

ኢቅባል እርሳሷን ወደ ፀጉሯ መልሳ ሰካችና ወጣች። ሦስት እርምጃ ሳትሄድ ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው።

«ካሜራውን ወደዚህ! ከኋላዬ! ጠጋ፣ ከትከሻዬ በላይ!»

ካሜራ አንሺው ግራ ገባው። «ከኋላሽማ ከሆነ ፊትሽ አይታይም፣ ሲት ኢቅባል።»

«እሰይ! ቀለሙም ተበላሽቷል።»

ቱሱን ከወንበሩ ተነሣ። «ኧረ ሴትዮ! ሕዝቡ ትኬት የሚቆርጠው ያንቺን ፊት ለማየት ነው! አጎቴ ያንቺን ጀርባ አልቀጠሩም!»

«አጎትህ እስከ መድፉ ድረስ ፊልሙ ያንቺ ነው ብለውኛል። መድፉ አልተተኮሰም። ከወንበሬ ከተነሣህ አይቀር ከመብራቱም ፊት ዞር በል።»

ራጊብ ቤክ ታርቡሹን ጭኖ ቆሟል። «ኢቅባል፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ንግግርዎን ወሰድኩብዎት፣ ቤክ።»

«ምን?»

«አንድ ቃል አይናገሩም። እኔ እናገራለሁ። እርስዎ ሊሉ የፈለጉትን፣ ማለት ያቃተዎትን፣ እኔ ልጅዎ ፊትዎ ቆሜ እነግርዎታለሁ። እርስዎ ይሰሙኛል።»

«ራጊብ ሉጥፊ ድዳ ሆኖ ይቀረጽ? በቤይሩት ምን ይሉኛል? ከንቱ ነገር! ካባውን አውልቁልኝ፣ ባቡር አለብኝ!»

እጁን ካባው መታጠቂያ ላይ አድርጓል። ፋኑስ ሁሉም ነገር እዚህ ያበቃ መሰለው። ኢቅባል ግን ከሽማግሌው ጋር ስትጫወት የኖረች ናት፤ የቱን እንደምትነካ ታውቃለች። ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ፊትዎ ብቻ ነው የሚታየው፣ ቤክ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። የግድግዳ ያህል ፊት። ከኔ የሚታየው ጀርባዬ ነው።»

የራጊብ ቤክ እጅ መታጠቂያው ላይ ቆመ።

«ጀርባሽ? ያንቺ? አንቺ ነሽ እኮ በመድረኩ መብራት መሀል ለመቆም እግሬን ስትረግጪ የኖርሽው!»

«እኔ ነኝ።»

ራጊብ ቤክ ከራስ እስከ እግሯ መዘናት። ከዚያ መታጠቂያውን መልሶ አጠበቀና ሶፋው ላይ ተቀመጠ። «የግራ ገጽታዬ ይሻላል፣» አለ።

ኢቅባል ወደ ፋኑስ ዞረች። «አንተ ከመብራቱ አጠገብ ቁም። እዚህ፣ ከትከሻዬ ጎን፣ እንዲያይህ።»

«እንዲያየኝ? ልበለው ማለት ነው?»

«እንዲያይህ ብቻ። አንድ ቃል እንዳትተነፍስ። ለሱም ለኔም። ከንፈርህ ቢንቀሳቀስ በአላህ ስም እምላለሁ፣ በነዚህ ብርድ ልብሶች ጠቅልዬ ዓባይ ነው የምጨምርህ።»

ፋኑስ እንደታዘዘው ቆመ። የታኅሣሥ ፀሐይ በበሩ ስንጥቅ ገብቶ ወለሉ ላይ ቀልቷል፤ መድፉ ሩቅ አይደለም። ዱላውን ሰጧት፣ መልሳ ጣለችው። «ቀረጻ፣» አለች በዝግታ።

ከዚያ ተናገረች። አላገሳችም፤ እንደ መድረኩ ደረቷን አልመታችም። የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ እንደሚወራ ነው ያወራችው። «አባ፣ አትድከም። ልትል የፈለግከውን አውቃለሁ። ይህን በር በፊትሽ የዘጋሁት እኔ ነኝ ልትል ነው። ድንኳን ተክዬ፣ በሕይወት እያለሽ አልቅሼብሻለሁ ልትል ነው…» ፋኑስ እያንዳንዱን መስመር ከመምጣቱ በፊት ያውቀዋል። ከንፈሩን በጥርሱ ነክሶ ይዞታል። ራጊብ ቤክ አንዴ እሷን፣ አንዴ ከትከሻዋ ጎን ያለውን ፋኑስን ያያል።

«ከዚያ በኋላ ደግሞ…» አለች ኢቅባል።

ቆመች።

የመጨረሻው መስመር ነው። ‹ይቅር በይኝ፣ ልጄ፣ ልትል ነው።› ፋኑስ ጠበቀ። አልመጣም። የካሜራው መዘውር ይሽከረከራል፣ የቀረው ፊልም እየተበላ ነው፣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። የጥቁር ካፖርቷ ትከሻ ከፍ ዝቅ ይላል። ረሳችው! በድንግል፣ ረሳችው! ሃያ ዓመት የሠራው ምላስ በራሱ ተነሣ። ቃሉ አፉ ውስጥ ሞልቶ፣ ከጥርሱ ኋላ ቆሞ ይገፋዋል። ፋኑስ ታርቡሹን ከራሱ ነጠቀና ጥቁር ዘርፉን አፉ ውስጥ ጎሰረ። እንባው መጣ፤ ከንዴት ይሁን ከምን አላወቀም። ዝም አለ።

ራጊብ ቤክም ዝምታው ደረሰበት። ዓይኑን ወደ ፋኑስ አነሣ፤ ስጠኝ እያለ ለመነው። ፋኑስ ዘርፉን እንደነከሰ አየው። ከዚያ የዚያ ትልቅ ሰውዬ ፊት ፈረሰ። ግንባሩ፣ ጉንጩ፣ አገጩ ተንቀጠቀጠ፤ አፉ ተከፈተ፣ ምንም አልወጣውም፤ እንደገና ተከፈተ። ዓይኑን ከፋኑስ አንሥቶ እሷን አያት። ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ የቆመውን ሰው አየ።

«ልጄ…» አለ። ማንም ያላቀበለው ቃል ነበር። ጣሪያ የሚያናጋው ድምፅ አልነበረም፤ የደከመ ሽማግሌ ድምፅ ነበር።

ኢቅባል ቀስ ብላ በጎኑ አልፋ ወጣች። በሩ ተከፈተ፣ በሩ ተዘጋ፤ ራጊብ ቤክ በሩን እያየ ቀረ።

«ቁረጡ፣» አለች ከበሩ ኋላ።

አርፓድ ከሣጥኑ ወጥቶ አንድ ጣቱን አነሣ። «አንድ አባት፣» አለ። ቀጥሎ መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ተናፈጠ።

መድፉ የተተኮሰው ያን ጊዜ ነው። ሰዎቹ ሁሉ ወደ ቴምሩና ወደ ውኃው ሮጡ። ቱሱን ሻርፑን ጠቅልሎ ወደ ስልኩ ሲሄድ ማንም አላስተዋለውም፤ ለአጎቱ ምን ብሎ እንደተናገረ የታወቀው በማግሥቱ ጥቅሎቹን የሚረከብ ሰው ባለመምጣቱ ነው። ራጊብ ቤክ ካባውን ሳያወልቅ ቴምር በቴምር ላይ እየጎረሰ የመብራት ሠራተኞቹን ያስተምራል። «ዝምታ፣ ልጆቼ! ስንት ዓመት ነግሬያታለሁ! ‹ኢቅባል፣ እኔን ዝም አሰኚኝና እዪ› ብያታለሁ!» ፋኑስ ጆሮውን ሊያምን አልቻለም። የፉል ሳሕኑን ይዞ፣ አፉ ውስጥ የቀረውን የሐር ክር እየተፋ፣ ከዚህ ሰው ራቅ ለማለት ከበሩ ኋላ ሄደ።

ኢቅባል አንድ ባዶ የእንጨት ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። ቴምሯ እጇ ላይ ነው፣ አልቀመሰችውም። አጠገቧ ተቀመጠ።

«አሁን ንገሪኝ፣» አላት። «ያን መስመር ረሳሽው ወይስ ሆን ብለሽ ነው?»

«ረሳሁት።»

«የራስሽን ጽሑፍ!»

«እኔው የጻፍኩትን። ከውስጤ ጥርግ ብሎ ጠፋ። የምጠብቀው አንተን ነበር፤ አሁን ይለኛል፣ አሁን ይለኛል እያልኩ።»

«እኔ ደግሞ ምላሴ ላይ ነበር! ታርቡሽ በላሁ እኮ! ሲሞት ሰው እንዲህ አይታገልም!»

«አውቃለሁ።» ቴምሯን በጣቷ አገላበጠችው። «ብትለኝ ኖሮ ተቀብዬ እናገረው ነበር። ያማረ ይሆን ነበር። አባቴ ግን አላለውም፣ ዓም ፋኑስ። ሳይለው ነው የሞተው።» ከዚያ ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ዝም ስላልክልኝ አላህ ይስጥልኝ።»

ፋኑስ ሳሕኑን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ንዴቱ ከእግር ጥፍሩ ተነሣ።

«ሃያ ዓመት!» አለ። «ሃያ ዓመት ጉድጓድ ውስጥ አቧራ ስቅም፣ ቃል ስቆርስላችሁ፣ አንድ ቀን አንዳችሁ ተመስገን አላላችሁኝም! አፌን ዘግቼ የቆምኩ ዕለት ነው ምስጋናው?»

ኢቅባል ሳቋ አመለጣት፣ ከሳቁ ጋር እንባዋም። ቴምሯን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠችው። ፋኑስ እየተነጫነጨ ተቀበላት። የሚያውቀው ሥራ ዛሬ እንዳበቃለት ገብቶታል፤ ይህን የሚነግረው ሰው አላስፈለገውም።

«ብይ፣» አላት። «ቀኑን ሙሉ አልበላሽም።»